የፈራነውን የምንናገርበት ቀን

ካላንደርን ፍቅር የያዛት በካልሲ ቀን ነው። አትሳቁ፣ የምሬን ነው።

«ካላንደር» እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም። የሬዲዮ ጣቢያው ሰዎች ናቸው ያወጡላት፤ ሥራዋ ከቀን ጋር ስለሆነ። ጠዋት ጠዋት ከዜናው በፊት «ዛሬ ምን ቀን ነው?» የሚል አጭር ዝግጅት ነበራት። መጀመሪያ የጨዋታ ቀን ታወራለች፦ የወረቀት አውሮፕላን ቀን፣ የግራ እጅ ቀን፣ የፒጃማ ቀን። በፉጨት የተሠራች ዜማ ከሥሯ ትፈነድቃለች፣ እሷም ትስቃለች። ከዚያ ትንሽ ተንፈስ ትልና ድምጿን ዝቅ አድርጋ ወደ መታሰቢያው ትሻገራለች፦ ማዕድን ቆፋሪዎቹ የተቀበሩበት ቀን፣ ባቡሩ ከድልድይ የወደቀበት ቀን። ያኔ ፒያኖው ቀስ ብሎ ይገባል። የከተማው ሰው ፊቱን እየታጠበ ይስቃል፣ ሻዩን እየጠጣ ያዝናል፣ ከዚያ ወደ ሥራው ይሮጣል።

የጣቢያው አለቃ አንድ የማይነቃነቅ ሕግ ነበራቸው። «ያላከበርሽውን ቀን አታውሪ» ይሏታል። «የሚዋሽ ሰው ድምፁ ያሳብቅበታል።» ስለዚህ የፒጃማ ቀን ከሆነ ስቱዲዮ የሚገባ ሁሉ በፒጃማ ነው። እሳቸው ራሳቸው ባለ መስመር ፒጃማቸው ላይ ኮት ደርበው ከማስታወቂያ አስነጋሪዎች ጋር ስብሰባ ይቀመጣሉ። ማንም ትንፍሽ አይልም።

አዲሱ የድምፅ ቴክኒሻን የመጣው የድሮው ጡረታ ሲወጡ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቱን ሰበር የሚያደርግ ወጣት ነበር። ቀረጻ ሊጀመር ሲል እጁን ያነሣና «ጸጥታ!» ይላል። ከዚያ ውጭ እምብዛም ስለማይናገር ስሙ «ጸጥታ» ሆኖ ቀረ።

ሥራ የጀመረበት ዕለት የተለያየ ካልሲ ቀን ነበር። ለምስኪኑ ልጅ የነገረው ሰው የለም። ካላንደር በመስታወቱ ማዶ አየችውና ክው አለች።

«ወንድሜ፣ ካልሲ!» አለችው በማይኩ።

«ምን?»

«ካልሲህ መለያየት አለበት! አለቃ ቢመጡ ጉድህ ፈላ።»

እሱ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገና ሁለት እግሮቹን ከፍ አድርጎ የሱሪውን ጫፍ ሰበሰበ። አንዱ ቀይ፣ አንዱ ግራጫ።

«እንዴ! ማን ነገረህ?»

«ማንም። መብራት ጠፍቶ በጨለማ ለብሼ ነው።»

ይህን ሲል ፊቱ ላይ አንዲት ፈገግታ የለችም። ዐይኖቹ ግን በመስታወቱ አሻግረው አዩዋትና ቶሎ አልተመለሱም። ካላንደር ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፣ ቀኑን ሙሉም ትዝ እያላት ለብቻዋ ስትስቅ ዋለች። እንግዲህ ያኔ ነው የተያዘችው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተደበላለቀባት።

የማሞገስ ቀን መጣ። የሥርጭቱ ቀይ መብራት ሊበራ ሲል የእሱ ድምፅ በጆሮ ማዳመጫዋ ገባ። «ዛሬ ድምፅሽ ያምራል» አላት። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ትናንትም ያምር ነበር፤ ግን ትናንት ቀኑ አልነበረም» ብሎ ጨመረበት። መብራቱ በራ። ያን ዕለት ካላንደር የጎርፍ ሟቾችን መታሰቢያ እንደ ሠርግ ጥሪ አነበበችው። አለቃ ቢሯቸው ጠርተው ልክ ልኳን ነገሯት።

በማግስቱ ልቧ እየዘለለ ገባች። እሱ ገመድ እየጠቀለለ ነበር።

«እንዴት አደርክ?»

«ደኅና። ማይኩን ትንሽ ራቅ በይው፣ ስትተነፍሺ ይሰማል።»

ይኸው ነው። ከትናንቱ ሰው ጋር የሚመሳሰለው በሸሚዙ ብቻ ነበር።

በመተቃቀፍ ቀን ዘበኛውን ዐቀፈ፣ የጽዳት ሠራተኛዋን ዐቀፈ፣ ዜና አንባቢውን ዐቀፈ፣ አለቃንም ኮታቸው እንዳይጨማደድ ተጠንቅቆ ዐቀፈ። በመጨረሻ እሷን። የእሷ ረዘም ያለ መሰላት። በእርግጥ ረዝሞ ነው? ወይስ ከኋላዋ ተራ የሚጠብቅ ሰው ስለሌለ ነው? በማግስቱማ «ደኅና አደርሽ» እንኳ ሳይላት ወደ ሽቦዎቹ ገባ።

ካላንደር የምትኖረው ከአክስቷ ጋር ነው። አክስቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ መርፌ ቁልፍ በከንፈሯ ይዛ ስታወራ የማያውቃት ሰው ይሰቀቅላታል።

«ምነው ራትሽን ትቆጥሪዋለሽ? አትበዪም?» አለቻት።

«ዐቀፈኝ፣ እትዬ።»

መርፌ ቁልፏን ልትውጥ ትንሽ ቀራት። «ማነው ያቀፈሽ?»

«ጸጥታ። የመተቃቀፍ ቀን ነበር።»

«ታዲያ ዐቀፈሽ ወይስ ሥራውን ሠራ?»

«እሱን እኮ ነው ያላወቅኩት!»

«ወይ ጣጣ! አንቺ ልጅ፣ ቀን እየጠበቀ የሚወድ ምን ዓይነት ወንድ ነው? ፋርማሲስቱን እዪው። ሰኞም ይወድሻል፣ ማክሰኞም ይወድሻል። ዝናብም ቢሆን ይወድሻል።»

አክስቷ እውነቷን ነበር። ፋርማሲስቱ ጎረቤታቸው ነው። ጨዋ፣ ንጹሕ፣ ሲናገር ሰው ዐይን ውስጥ የሚያይ ልጅ። በዚያው ሰሞን በራቸውን አንኳኩቶ፣ ወንበር ተሰጥቶት ሳይቀመጥ፣ የልቡን ዘረገፈው።

«ሌላ ከተማ ሄጄ የራሴን ፋርማሲ ልከፍት ነው። ብታገቢኝና አብረን ብንሄድ ደስ ይለኛል» አላት። «አሁን አትመልሺልኝ። ዕቃዬን ጭኜ ሳልጨርስ ግን ንገሪኝ።»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ለሴት ልጅ ቀልድ አይደለም። እሺ ካለች ከተማውንም፣ ጣቢያውንም፣ ከመስታወቱ ማዶ ያለውንም ሰው ትታ ትሄዳለች። እምቢ ካለችና የጸጥታ ነገር የካልሲና የፒጃማ ጨዋታ ብቻ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ሁለቱንም አጥታ ባዶ እጇን ትቀራለች። ማወቅ የፈለገችው አንዲት ነገር ነበረች፦ ይህ ሰው ይወደኛል ወይስ ቀኑን ነው የሚያከብረው?

መጠየቅ ትችል ነበር አይደል? ትችል ነበር። ግን ፈራች። ስለዚህ ሥልጣኗን ተጠቀመች።

አለቃ ባዶ ቀን ሲያጋጥም ራሷ ቀን እንድትፈጥር ፈቅደውላታል። የጠፋ ቁልፍ ቀን የእሷ ፈጠራ ነው፤ የከተማው ሰው ተነሥቶ ሶፋ ሥር ሲበረብር ውሏል። አሁንም ባዶ ቀን ፈለገች፣ አገኘች፣ «የፈራነውን የምንናገርበት ቀን» ብላ ሰየመችው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ቀኑን ለከተማው አልፈጠረችውም። ለአንድ ሰው ነው የፈጠረችው።

የቀኑ ዕለት አዲስ ቀሚስ ለብሳ ማይኩ ፊት ተቀመጠች። «ዛሬ፣ ለምትወዱት ሰው ለመናገር የፈራችሁትን የምትናገሩበት ቀን ነው» አለች። ፉጨቷ መግባት ነበረባት። አልገባችም። ካላንደር ቀና አለች። ጸጥታ እጁን ቁልፎቹ ላይ እንዳደረገ ፈዝዞ ቀርቷል። ከዚያ እንደ ባነነ ሰው አንዱን ነካ፣ ፉጨቷ ዘግይታ ፈነደቀች። አንድም ቀን ዘግይቶ የማያውቅ ሰው!

ከተማው ግን አበደ። ስልኩ አላቋርጥ አለ። አንዷ ለወንድሟ ሰዓቱን የሰበረችው እሷ እንደሆነች ነገረችው። ዘበኛው ለጽዳት ሠራተኛዋ ከዱሮ ጀምሮ እንደሚወዳት ነግሯት እሷም «እስካሁን ምን ትጠብቅ ነበር?» ብላ ተቆጣችው። አለቃ ሚስታቸው ጋ ደውለው «የምታንጎራጉሪው ነገር ራስ ያዞረኛል» ብለው ተናዘዙ፤ ለዚያም ኋላ ዋጋቸውን አገኙ።

ጸጥታ ዝግጅቱ እንዳበቃ ማዳመጫውን አወለቀ፣ ጃኬቱን አነሣ፣ ወጣ። ካላንደርን ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። እሷ በአዲሱ ቀሚሷ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ቀረች። እስኪመሽ ጠበቀችው። አልተመለሰም።

«ምንም አላለም፣ እትዬ» አለች ቤት ገብታ። እንባዋ ጉንጯ ላይ ነበር።

«የሚለው ቢኖረው ይልሽ ነበር፣ የኔ እናት። ሙሉ ቀን ሰጠሽው። ሌላ ምን ትጨምሪለት፣ ሳምንት?»

ካላንደር ቆረጠች። ለፋርማሲስቱ ቅዳሜ መልሷን እንደምትሰጠው ነገረችው፤ መልሷም እሺ ነበር። አክስቷ ነገሩ ገብቷት ያለ ምንም ጥያቄ ሜትሯን አውጥታ ወገቧን ትለካት ጀመር።

ቅዳሜ ሳይደርስ የጣቢያው ስልክ ጮኸ።

«ያቺን ቀን የፈጠርሽው ልጅ አንቺ ነሽ?» አለ የአሮጊት ድምፅ።

«ነኝ፣ እማማ።»

«እኔ እዚያ መስታወት ማዶ የሚቀመጠው ልጅ እናቱ ነኝ።»

ካላንደር ብድግ አለች፣ ሰው ፊቷ እንደቆመ ሁሉ።

«ያ ዕለት የትልቁ ልጄ ሙት ዓመት ነው» አሉ። «ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ መኪና ገጨብኝ። ተራው የትንሹ ነበር። ትንሹን እንቅልፍ አልለቀው ብሎ፣ ታላቁ 'ይተኛ ተይው' ብሎኝ ወጣ። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት ሌላ ቀን የለም፣ ልጄ። ልደት የለ፣ በዓል የለ። ያቺን ቀን ብቻ ነው የምናውቀው። በዚያች ቀን ምሳችንን ሳንነጋገር በልተን እንነሣለን።»

ካላንደር የተነሣችበት ወንበር ላይ ተመልሳ ቁጭ አለች። በዚያ ቀን ላይ ነው ለካ ፉጨት ያስገባችበት! በገዛ እጁ ነው ያስከፈተችው! «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ አፈር በበላሁ…»

«ተይ፣ ጨርሼ ልንገርሽ። ልጄ ለምሳ ሲመጣ ሬዲዮው እንደተከፈተ ነበር። ሰው ሁሉ ሲናገር ስሰማ እኔም አፌን ከፈትኩ። 'ጥፋቱ ያንተ አልነበረም' አልኩት። የሚያውቅ ይመስለኝ ነበር እኮ። ለካስ አያውቅም። ይህን ሁሉ ዘመን እኔ የምከሰው መስሎት ኖሯል። እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ ቃል አልወጣውም። ድሮ ስላንቺ ብዙ ያወራኝ ነበር፤ እንዳትቀየሚው ብዬ ነው የደወልኩት።»

«ስለኔ… ምን ይላል?»

«እሱን እሱ ይንገርሽ» አሉና ስልኩን ዘጉት።

ይኸው ደግሞ! ካላንደር ስልኩን እንደያዘች ቀረች። ትዘን? ደስ ይበላት? ትፈር? ሁሉም ባንዴ መጣባት።

ጸጥታን የሻይ ክፍሉ ውስጥ አገኘችው። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ በመስኮት ያያል።

«እናትህ ደወሉ።»

«ገምቻለሁ።»

«ቀኑን አላወቅኩም ነበር። ባውቅማ…»

«አለማወቅሽ ተሻለ። ብታውቂ ኖሮ አትፈጥሪውም ነበር» አላት። ከዚያ ብርጭቆውን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠ። «እኔ እኮ እንዴት እንደሚከበር አላውቅም ነበር» አለ መልሶ። «ስጦታ መስጠት፣ ማቀፍ፣ ሰው ማሞገስ። እኛ ቤት ክልክል ይመስል ነበር። አንቺ 'ዛሬ የማሞገስ ቀን ነው' ስትዪ፣ እንግዲህ ይቻላል ማለት ነው እላለሁ። ቀኑ ሲያልፍ ደግሞ… የሚፈቀድልኝ አይመስለኝም።»

ካላንደር ሲከነክናት የከረመውን ጥያቄ በዚህ ጊዜ አላፈነችውም።

«ታዲያ ያቀፍከኝ ቀኑ ስለሆነ ነው ወይስ እኔ ስለሆንኩ?»

ጸጥታ አያት። ሊዋሽላት ይችል ነበር፤ ሌላ ወንድ ቢሆን ይዋሻል።

«አላውቅም» አላት። «እንዲህ እንዲህ ነው ብዬ ብነግርሽ ደስ ይለኝ ነበር። ለራሴም ግራ ገብቶኛል። ትንሽ ታገሺኝ።»

ቅዳሜ ግን አይታገሥም። ፋርማሲስቱ ዕቃውን ጭኖ ጨርሷል፤ የቀረችው የመኪናው ጀርባ ላይ የምትታሰር አንዲት ፍራሽ ብቻ ናት። ካላንደር ከፊቱ ቆማ ገመዱን አየች፣ ፍራሹን አየች፣ እሱን አየች።

«አልችልም» አለችው። «ይቅር በለኝ።»

«ሌላ ሰው አለ?»

«አለ። የለም። አላውቅም የሚል ሰው ነው ያለው።»

«እኔ አውቃለሁ እያልኩሽ አላውቅም ለሚልሽ?» ፋርማሲስቱ አልተቆጣም፤ የእውነት መረዳት ፈልጎ ነው የጠየቃት።

«ጅል ነኝ አይደል?»

«ነሽ» አላት። ከዚያ ፈገግ ለማለት ሞከረና አቃተው፣ ወደ ገመዱ ዞረ። ካላንደር ፍራሹን አብራው አሰረች። መኪናው ሲሄድ አክስቷ በሩ ላይ ቆማ ነበር፣ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ። «ጉድ እኮ ነው» አለች።

ካላንደር ያን ዕለት ልቧ ተሰባበረ። የሚወዳትን ሸኝታ፣ ይወዳት አይወዳት የማታውቀውን ይዛ ቀረች። ሰው እንዲህ ያደርጋል?

ከጥቂት ጊዜ በኋላ መርከቧ የሰጠመችበት ቀን መጣ። በዚያ ከተማ ከዚህ የሚከብድ ቀን የለም፤ ዘመድ ያልሞተበት ቤት ጥቂት ነው። የጨዋታ ቀን አይታወጅም። ካላንደር የሟቾቹን ስም ታነባለች፣ ከዚያ አንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት ይደረጋል። አውቶቡሱ ባለበት ይቆማል፣ ሻጩ ሚዛኑን ያስቀምጣል፣ ሁሉም ሬዲዮውን እየሰማ ፒያኖው እስኪገባ ይጠብቃል። አለቃ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም። ማይኩ ተዘግቶ ባዶ ነገር እንዲተላለፍ አይፈቅዱም። «ዝምታውም እውነተኛ ይሁን» ነው የሚሉት፤ ማይኩ ክፍት ሆኖ፣ የክፍሉ አየር እየተሰማ።

ካላንደር ስሞቹን አነበበች። ባልና ሚስት ነበሩባቸው፣ እጮኛሞች ነበሩባቸው፣ ወንድማማቾች ነበሩባቸው። ስታነብ ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። ጨረሰችና ወረቀቱን አስቀመጠች። ደቂቃዋ ጀመረች።

ከመስታወቱ ማዶ ጸጥታ ብድግ አለ።

ቴክኒሻን በሥርጭት መሀል ከወንበሩ አይነሣም። ቤቱ ቢቃጠል አይነሣም። እሱ ግን ተነሣ፣ ከባዱን በር ድምፅ ሳያሰማ ከፈተ፣ በጣቶቹ ጫፍ እየረገጠ መጣና ፊቷ ቆመ። መካከላቸው ማይኩ አለ፣ ክፍት። ከማይኩ ኋላ ከተማው በሙሉ አለ።

ካላንደር በዐይኗ «ምን ሆነሃል? ውጣ!» አለችው። እሱ አፉን ከፈተ፣ ማይኩን አየ፣ ዘጋው። እንደገና ከፈተ፣ ዘጋው። ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ወረቀቱ ላይ ያረፈውን እጇን አነሣና ጉንጩ ላይ አደረገው። ጉንጩ እርጥብ ነበር።

ካላንደር የአንገት ልብሷን ጫፍ ነክሳ ያዘች። ልትስቅ ነው? ልታለቅስ ነው? እሷም አታውቀውም። የሞቱት አሳዘኗት፣ የቆመው አስደሰታት፣ በእነዚያ ሙታን ቀን በመደሰቷ አፈረች፣ እጇን ግን አልሳበችም። ፈጽሞ አልሳበችም። እሱም አልለቀቀም። ዐይን ለዐይን ተያዩ፣ እስከዛሬ ያልተባለውን ሁሉ ባንዴ ተባባሉ።

ደቂቃዋ አለቀች። ፒያኖው አልገባም። ማን ያስገባው? ወንበሩ ላይ ሰው የለም!

ውጭ አውቶቡሶቹ እንደቆሙ ናቸው። ሻጮቹ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። ፒያኖው ስላልገባ ማንም ለመንቀሳቀስ አልደፈረም፤ ከተማው በሙሉ ሁለት ሰዎች እጅ ለእጅ መያያዛቸውን እስኪጨርሱ ቆሞ ጠበቀ። ጸጥታ ድንገት ክው ብሎ የግድግዳውን ሰዓት አየ፣ እጇን ለቆ በሩጫ ወጣ። ፒያኖው ገባ።

አለቃ ፊታቸው ቲማቲም መስሎ መጡ። ገና «ማነው ይህን ያደረገው!» ከማለታቸው ስልኩ ጮኸ። ከዚያ ደግሞ ጮኸ። አንድ አዛውንት ከወጣትነታቸው ጀምሮ ይህን ቀን ሲያስቡ እንደ ዛሬ በቅጡ ያለቀሱበት ጊዜ እንደሌለ ተናገሩ። አለቃ ሰሙ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ «ለከርሞም እንዲሁ ረዘም ይበል» ብለው ሄዱ።

ኮሪደሩ ላይ ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

«ምን ልትለኝ ነበር?» አለች ካላንደር።

«እወድሻለሁ ልልሽ ነበር።»

«በመርከቧ ቀን?»

«ደስ የሚል ቀን እየጠበቅኩ ነበር፤ አበባ ምናምን ያለበት። ከዚያ ስሞቹን ስታነቢ፣ ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ ሳይናገር ሄደ አልኩ። ወንድሜም ሲወጣ ተኝቼ ነበር፤ ደኅና ዋል እንኳ አላልኩትም። መነሣቴን ያወቅኩት ፊትሽ ስደርስ ነው።»

«አላውቅም ስትለኝ ፋርማሲስቱን ሸኘሁት፣ ታውቃለህ? በአላውቅም ብቻ!»

«ሰምቻለሁ። አክስትሽ መንገድ ላይ አግኝታኝ ሰደበችኝ።»

ካላንደር ሳቀች፣ ሳቋ መሀል ላይ ለቅሶ ሆነ፣ መልሶ ሳቅ ሆነ። «አሁንስ? አሁን ታውቃለህ?»

«አሁን አውቃለሁ» አላት። «ነገም እወድሻለሁ። ነገ ምን ቀን እንደሆነ አላየሁም።»

ካላንደር ነገ ምን ቀን እንደሆነ ታውቅ ነበር። ጽሑፉ ተዘጋጅቶ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጧል።

«እኔም አላየሁም» አለችው።